ልጆችን ከፕሮግራሚንግ ጋር ማስተዋወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆች ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ ፕሮግራሚንግ መማር ይችላሉ?

አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ትእዛዞችን በቅደም ተከተል ደርድሮ ሌላ ሰው እንዲፈጽማቸው ማድረግ ይችላል። የፕሮግራሚንግ መነሻውም ይኸው ነው። ማንበብ ያልጀመሩ ልጆች ቀስት በተሳለባቸው ካርዶች ይሠራሉ። ታብሌት ካለ ደግሞ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ስክራች ጁኒየር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ትእዛዞቹ በሥዕል ስለሆኑ ፊደል መለየትን አይጠይቅም። ከ8 ዓመት ወዲያ ብሎክ የተባሉ የትእዛዝ ቁራጮች የሚገጣጠሙበት ዋናው ስክራች ይመጥናቸዋል። የ12 ዓመት ልጅም ቢሆን ከዚህ በፊት ሞክሮ የማያውቅ ከሆነ ከካርዱ ጨዋታ ቢጀምር ይጠቀማል፤ ከትንንሾቹ ይልቅ ፈጥኖ ያልፈዋል።

እኔ ራሴ ፕሮግራመር አይደለሁም። ማስተማር እችላለሁ?

ይችላሉ። ግን ለልጆቹ የሚሰጡትን ሥራ አስቀድመው በገዛ እጅዎ ሠርተው ይጨርሱት፤ ማንበቡ ብቻ አይበቃም። ሲሠሩት የት ጋ እንደሚያደናቅፍ ያያሉ፤ ልጆቹም የሚደናቀፉት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ «እስቲ እንሞክረው» ማለት ይበቃል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመልሳል።

ከቴክኒክ እውቀት በላይ የሚያስፈልገው አንድ ልማድ ነው፦ ልጁ ፕሮግራሙን ከማስጀመሩ በፊት «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ። ገምቶ የጫነ ልጅ ግምቱ ሲስት ለምን እንደሳተ ማወቅ ይፈልጋል። ሳይገምት የጫነ ግን የሆነውን አይቶ ያልፋል። ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ሁሉ በዚህ ልማድ ካልተሠሩ ጨዋታ ሆነው ይቀራሉ።

ኮምፒውተር የለንም። በምን እንጀምር?

በወለል ላይ ሮቦት፤ ሮቦቱ ከልጆቹ አንዱ ነው። ኮምፒውተር ባለበት ክፍልም ቢሆን የመጀመሪያውን ቀን በዚህ መጀመር ይሻላል።

ወለሉ ላይ በጠመኔ ወይም በወረቀት ፕላስተር አምስት በአምስት የሆነ፣ 25 ሳጥን ያለው መረብ ይሥሩ። የአንዱ ሳጥን ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ልጅ በሁለት እግሩ ይቆምበታል፤ ጠቅላላው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ብቻ ይወስዳል። ካርዶቹን ከደብተር ወረቀት ሩብ ያህል ቆርጠው ያዘጋጁ፦ 15 «አንድ ሳጥን ወደ ፊት»፣ 6 «ወደ ቀኝ ዙር»፣ 6 «ወደ ግራ ዙር»። አንድ ሳጥን ላይ ኳስ ያስቀምጡ፤ ሦስት ወይም አራት ሳጥኖች ላይ ደግሞ የማይረገጥ እንቅፋት።

ሥራው የሦስት ልጆች ነው። ፕሮግራመሩ ሮቦቱን ኳሱ ዘንድ የሚያደርሱትን ካርዶች ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራል። ሮቦቱ የታዘዘውን ይፈጽማል። ተቆጣጣሪው ጣቱን ካርዶቹ ላይ እያሳለፈ አንድ በአንድ ያነባል። ካርዶቹ ሲደረደሩ ሮቦቱ ጀርባውን መስጠት አለበት፤ መንገዱን ካየ ሳይታወቀው የፕሮግራመሩን ስህተት እያረመ ይሄዳል፤ ያኔ ጨዋታው ትምህርቱን ያጣል።

ሦስት ነገሮች ሁልጊዜ ያስቸግራሉ። አንደኛው፣ «ወደ ቀኝ ዙር» ሲባል ልጁ ዞሮ አንድ ሳጥን ይራመዳል። ዙር ማለት እዚያው ቆሞ አቅጣጫ መቀየር ብቻ እንደሆነ ሳትጀምሩ አሳዩአቸው። ሁለተኛው ግራና ቀኝ ነው፤ ሮቦቱ ፊቱን ወደ ፕሮግራመሩ ሲያዞር የፕሮግራመሩ ቀኝ የሮቦቱ ግራ ይሆናል። ፕሮግራመሩ ተነሥቶ ከሮቦቱ ጀርባ ይቁምና ያስብ። ሦስተኛው የሮቦቱ ደግነት ነው፦ እንቅፋት ፊት ሲደርስ በጎን አልፎ ይሄዳል። ሕጉ ይህ ይሁን፦ ሮቦቱ እንቅፋት ሲገጥመው «ስህተት!» ብሎ ባለበት ይቆማል፤ ተቆጣጣሪውም ጣቱን ከካርዱ ላይ አያነሣም።

እዚያች ቅጽበት ላይ ልጆች ካርዶቹን ሁሉ ሰብስበው እንደ አዲስ መጀመር ይፈልጋሉ። አይፍቀዱላቸው። ጣቱ ያለበትን ካርድና ከሱ በፊት ያለውን ይመልከቱ፤ አንድ ካርድ ብቻ ይቀይሩ፤ ሮቦቱን ወደ መነሻው መልሰው ከመጀመሪያው ያስኬዱት። ባለሙያ ፕሮግራመርም ስህተት የሚፈልገው እንዲሁ ነው።

ይህን ሲችሉ «3 ጊዜ ድገም» የሚል ካርድ ይጨምሩ። ወዲያው «የትኛውን ነው የምደግመው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ሦስት ካርድ ተከትሎት እያለ የመጀመሪያውን ብቻ ወይስ ሦስቱንም? መልሱን አይንገሩአቸው፤ ክር ይስጧቸውና የሚደገሙትን ካርዶች በክሩ ይክበቡ። በኋላ ስክራች ላይ የድገም ብሎክ እንደ አፍ ተከፍቶ ሌሎችን ሲውጥ ሲያዩ ክሩን ያስታውሱታል።

ኮምፒውተር ሁሉን ነገር በ0 እና በ1 ነው የሚይዘው የሚባለውን ለልጅ እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

በአምስት ካርድ። በአንድ ወገናቸው ብቻ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሳሉባቸው፤ ጀርባቸው ባዶ ይሁን። አምስት ልጆች ፊት ለፊት ተሰልፈው አንዳንድ ካርድ ይያዙ። ከተመልካቹ በግራ በኩል 16፣ በቀኝ ጫፍ 1 ይቁም። የያዙት ልጆች ሰልፉን ከራሳቸው ግራ ስለሚቆጥሩ ተገልብጦ ይሰለፋሉ፤ የቆሙበትን ቦታ በተመልካቹ ዐይን ያስተካክሉላቸው።

«9 ነጥብ ብቻ ይታይ» ይበሉ። ተመልካቾቹ ማን ካርዱን እንደሚያዞር ይወስናሉ፤ 8 እና 1 ይታያሉ፣ ሌሎቹ ይሸፈናሉ። የሚታየው 1፣ የተሸፈነው 0 ቢባል የ9 አጻጻፍ 01001 ነው ማለት ነው። 21ን ይሞክሩ፤ 10101 ይመጣል። ቀጥሎ ከ0 ጀምረው አንድ በአንድ ወደ ላይ ያስቆጥሯቸው። ባለ 1 ነጥቡ ልጅ በየቁጥሩ እያገላበጠ እጁ ይዝላል፤ ባለ 16ቱ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ባለ 2ቱ በየሁለት፣ ባለ 4ቱ በየአራት ቁጥር እንደሚያዞር ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ከዚያ ፊደል ይጻፉበት። በአምስት ካርድ ከ0 እስከ 31፣ ማለትም 32 የተለያዩ ቁጥሮች ይገኛሉ። የእንግሊዝኛው 26 ፊደል ይበቃዋል። የኛ 33ቱ መሠረታዊ ፊደላት ግን በአንድ ይተርፋሉ! ስድስተኛ ካርድ፣ ባለ 32 ነጥብ፣ ሲጨመር 64 ቦታ ይገኛል። ሰባቱም ዘር ይግባ ከተባለ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ስለሚሆን ስምንት ካርድ ያስፈልጋል፤ በስምንት 256 ቦታ አለ። ልጆቹ ስንት ካርድ እንደሚያስፈልግ አስልተው ሲደርሱበት፣ ለመልእክት ቁልፍ ሠርተው ስማቸውን በ0 እና በ1 እንዲጽፉ ያድርጉ።

ከሁሉም በላይ ልጆችን የሚያስደንቅ ጨዋታ የትኛው ነው?

የተገለበጠውን ካርድ ማወቅ። 36 ካርድ ያዘጋጁ፤ አንዱ ፊት ጥቁር፣ ሌላው ነጭ። አንድ ልጅ 25ቱን አምስት በአምስት አድርጎ እንደፈለገ ይደርድር። እርስዎ «ትንሽ ላክብደው» ብለው በቀኝ በኩል አንድ ዓምድ፣ ከታች አንድ ረድፍ ይጨምሩ፤ መረቡ ስድስት በስድስት ይሆናል። የሚጨምሩት ካርድ ግን በዘፈቀደ አይደለም። በየረድፉና በየዓምዱ የጥቁሮቹ ብዛት ተጋማሽ ቁጥር፣ ማለትም 0፣ 2፣ 4 ወይም 6 እንዲሆን ነው። ጥቁር የሌለበት ረድፍም ተጋማሽ ነው፤ 0 ላይ ልጆች ይከራከራሉና አስቀድመው ያስቡበት።

ፊትዎን ያዙሩ፤ አንድ ልጅ አንዲት ካርድ ይገልብጥ። ሲመለሱ የጥቁሮቹ ብዛት 1፣ 3 ወይም 5 የሆነበትን ረድፍና ዓምድ ይፈልጉ፤ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለችው ካርድ እሷ ናት። እርስዎ የጨመሩት ካርድ ቢገለበጥም ይሠራል። ምስጢሩን ቶሎ አይንገሩ፤ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው ያሳዩና ልጆቹ ይገምቱ። በመጨረሻ ሁለት ካርድ ቢገለበጥስ ብለው ይጠይቋቸው፦ ሁለቱ አንድ ረድፍ ላይ ከሆኑ ረድፉ ተጋማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት ዓምዶች ብቻ ስህተት እንዳለ ይናገራሉ፤ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም። ኮምፒውተሮች መረጃ ሲላላኩ በመንገድ ላይ የተበላሸ ነገር መኖሩን ለማወቅ የሚጠቀሙበት አንዱ ዘዴ የዚሁ ዘመድ ነው።

እንዲህ ዓይነት ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ ጨዋታዎች በሰፊው እንዲታወቁ ያደረጉት በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ናቸው።

አሥር ደቂቃ ብቻ ቢኖረኝስ?

ቁጥር ማግኘት። አንድ ልጅ ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር በልቡ ይያዝ፤ ክፍሉ «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚያስመልስ ጥያቄ ይፈልገው። መጀመሪያ «70 ነው?» እያሉ ይገምታሉ። «ከ50 ይበልጣል?» ብሎ የጠየቀ ልጅ እስኪመጣ ይጠብቁ። በየጊዜው ለሁለት እየከፈሉ ከሄዱ ሰባት ጥያቄ ይበቃል፤ እስከ 1000 ቢሆን እንኳ አሥር። 1 አሥር ጊዜ በሁለት ሲባዛ 1024 ስለሚደርስ ነው።

ወደ ኮምፒውተር ስንሄድ የትኛውን ፕሮግራም እንጠቀም?

ስክራችን። ከኤም አይ ቲ ሚዲያ ላብ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው። ልጁ ትእዛዝ አይተይብም፤ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተተ ያገጣጥማል። ስለዚህ በፊደል ግድፈት የሚመጣ ስህተት የለም፤ የማይስማሙ ብሎኮችም ቅርጻቸው ስለማይገጥም አይገጣጠሙም። ከቋንቋ ምርጫው ውስጥ አማርኛ አለ። ብሎኮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ እዚህ ከጻፍነው ሊለይ ይችላል፤ ቀለማቸው ግን በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው፦ እንቅስቃሴ ሰማያዊ፣ መነሻ ትእዛዞች ቢጫ፣ ድገምና ከሆነ ብርቱካናማ። ስለዚህ ሲያስተምሩ በቀለም መጥራት ይልመዱ።

ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን አስቀድመው በየኮምፒውተሩ ይጫኑ። ይህኛው በራሱ ሴቭ አያደርግም፤ መብራት ከሄደ ሥራው አብሮ ይሄዳል። በየ10 ደቂቃው «ሴቭ!» የሚል አንድ ልጅ ይሹሙ።

የመጀመሪያው የስክራች ክፍለ ጊዜ ምን ይሁን?

ስክራች ሲከፈት መድረኩ ላይ የምትታየውን ድመት አራት ማዕዘን ማሳል። ሐሳቡ ከስክራች ይቀድማል፤ ሲሞር ፓፐርት፣ ዎሊ ፊዩርዜግ እና ሲንቲያ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1967 የሠሩት ሎጎ የተባለ የልጆች ቋንቋ ከጊዜ በኋላ የታወቀው መስመር እየሳለች በምትሄድ ኤሊ ነው።

የእስክሪብቶው ብሎኮች መጀመሪያ አይታዩም፤ ከታች በግራ ጥግ ያለውን ቁልፍ ተጭነው ይጨምሯቸው። ከዚያ እንዲህ ይገጣጠማል፦

1. አረንጓዴው ባንዲራ ሲጫን
2. መጠንን 30 በመቶ አድርግ (ድመቷ ሥዕሉን እንዳትሸፍነው)
3. እስክሪብቶውን አንሣ
4. ወደ አግድም 0፣ ቁመት 0 ሂድ
5. ወደ 90 አቅጣጫ ዙር
6. ሁሉንም አጥፋ
7. እስክሪብቶውን አውርድ
8. 4 ጊዜ ድገም፦ 100 እርምጃ ሂድ፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዙር፣ 0.5 ሰከንድ ጠብቅ

ልጆች ከ2 እስከ 6 ያሉትን ትተው ወደ ድገሙ ይሮጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ይሠራል። ከዚያ አንዱ ድመቷን በማውስ ጎትቶ ሌላ ቦታ ያደርጋትና ባንዲራውን ሲጫን አዲሱ ሥዕል በአሮጌው ላይ ይደረባል። ፕሮግራም የቀድሞውን ሁኔታ ራሱ እንደማያጸዳ የሚገባቸው ያኔ ነው። «ጠብቅ» የሚለው ከሌለ ደግሞ ሥዕሉ በቅጽበት ስለሚያልቅ ድመቷ የተንቀሳቀሰች አይመስላቸውም።

አሁን ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይሳሉ ይበሏቸው። ሒሳብ ጎበዝ የሆኑት 60 ዲግሪ ይጽፋሉ፤ የዚህ ዓይነቱ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘን 60 መሆኑን ተምረዋልና። የሚወጣው ግን ያልተዘጋ ቅርጽ፣ የባለ ስድስት ጎን ግማሽ ነው። እዚህ ላይ መልሱን ከመናገር ይቆጠቡ። ወለሉ ላይ ሦስት ማዕዘን ሥለው አንድ ልጅ በመስመሩ ላይ ያስኬዱት፤ ጥጉ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደዞረ ሁሉም ይይ። ድመቷ የምትዞረው በውጭ ያለውን ማዕዘን ነው፤ ከ180 ላይ 60 ሲነሣ 120። አንድ ዙር ተጉዞ ወደ ነበረበት አቅጣጫ የሚመለስ ሰው በድምሩ 360 ዲግሪ ይዞራል፤ ስለዚህ 360ን ለጎኖቹ ብዛት ማካፈል ነው። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ለሚጠይቁት 5 ጊዜ 144 ይስጧቸውና ለምን 72 እንዳልሆነ ያስቡበት።

ጎን ሲበዛ የእርምጃውን ርዝመት መቀነስ ያስፈልጋል። መድረኩ 480 በ360 እርምጃ ነው፤ ከመሐል እስከ ታች 180 ብቻ አለ። በ100 እርምጃ ባለ ስድስት ጎኑ ለጥቂት ይገባል፤ ባለ ሰባት ጎኑ ላይ ድመቷ የታችኛውን ጫፍ ነክታ ትገታለች፣ ቅርጹም ይበላሻል። ለ12 ጎን 30 እርምጃ ይበቃል።

ጨዋታ መሥራት ሲጀምሩ በብዛት የሚገጥማቸው ስህተት ምንድን ነው?

ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው «ከነካ» የሚለውን ጥያቄ ከ«ሁልጊዜ ድገም» ውጭ ማስቀመጥ ነው። ባንዲራው ሲጫን ኮምፒውተሩ ነክቶ እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ያያል፤ አልነካም፤ ከዚያ ፕሮግራሙ አለቀ። ልጁ ግን ኮምፒውተሩ ቆሞ የሚጠባበቅ ይመስለዋል።

ሁለተኛው የነጥቡ መዝለል ነው። ኳስ በቅርጫት የሚቀለብበት ጨዋታ ሠርተው ኳሱ አንድ ጊዜ ሲገባ ነጥቡ 1 መሆን ሲገባው 17 ወይም 20 ይሆናል። ምክንያቱ ድግግሞሹ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል መዞሩ ነው፤ ኳሱ ቅርጫቱን ነክቶ እስከቆየ ድረስ በእያንዳንዱ ዙር 1 ይጨመራል። መፍትሔው ነጥቡ እንደተጨመረ ኳሱን ወዲያው ወደ ላይ መመለስ ነው። ከዚህ ጋር፣ ነጥብን ሲጀመር 0 ማድረግ ይረሳል፤ የትናንቱ ውጤት ላይ እየተጨመረ ይቀጥላል።

ልጁ «አይሠራም» ብሎ ሲጠራዎ ማውሱን ከእጁ አይውሰዱ። ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ምን እንዲሆን ፈለግህ? ምን ሆነ? እስከ የትኛው ብሎክ ድረስ ትክክል ነበር? ሦስተኛውን ለመመለስ ብሎኮቹን እያነበበ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ስህተቱን በመሐል ራሱ ያገኘዋል።

ለስንት ልጅ አንድ ኮምፒውተር ይበቃል?

ለሁለት። እንዲያውም ኮምፒውተር ቢተርፍም ሁለት ሁለት መሆኑ ይሻላል፤ ለጓደኛው ሲናገር ሐሳቡ ይጠራል። አንዱ ማውሱን ይይዛል፤ ሌላው ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል፤ ማውስ የያዘው ከተነገረው ውጭ አይሠራም። በየ8 ደቂቃው በሰዓት ያለዋውጧቸው። ሰዓት ካልተያዘ ፈጣኑ ልጅ እስከ መጨረሻው ይዞ ይቀራል። ሦስት ከሆኑ አንዱ ሁልጊዜ ተመልካች ይሆናል፤ ለሱ ስህተቶችን በወረቀት የመመዝገብ ሥራ ይስጡት።

እንደ ማይክሮ ቢት ያሉ ሰሌዳዎችን መግዛት ያስፈልጋል?

ለመጀመር አያስፈልግም። ማይክሮ ቢት 25 ትንንሽ መብራቶችና ሁለት ቁልፎች ያሉት ሰሌዳ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ገጽ ላይ ሰሌዳውን የሚመስል ማሳያ ስላለ ያለ ዕቃው መሞከር ይቻላል። ዕቃው ካለና ኮምፒውተሩ አላየው ካለ መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ፤ አንዳንድ የዩኤስቢ ገመዶች ቻርጅ ብቻ እንጂ መረጃ አያሳልፉም።

ከብሎክ ወደ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ፓይተን ወደተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ መቼ ይሸጋገሩ?

ልጁ ራሱ ብሎክ መጎተቱ ሲያዘገየው፣ ድገምንና ከሆነን ሳያይ ማስረዳት ሲችል። ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት ማጣደፍ አያስፈልግም፤ ገና ቁልፎቹን እየፈለገ የሚተይብ ልጅ ድካሙ ሁሉ ወደ መተየቡ ይሄዳል። ሽግግሩ እንዳይከብድ ያንኑ አራት ማዕዘን እንደገና ይሳሉ። ፓይተን ሲጫን ተርትል የተባለ የኤሊ መሣያ አብሮት ይመጣል፤ ትእዛዞቹም ልጁ ከሚያውቃቸው ጋር ተመሳሳይ ናቸው።

በአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፉ ልጆች ላይ ሁለት ነገር ይጠብቁ። ፓይተን በየድግግሞሹ መስመር መጨረሻ ሁለት ነጥብ ይፈልጋል፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሆኖ የኛን ሁለት ነጥብ ከጻፉ በዐይን ያው ይመስላል፣ ፓይተን ግን አይቀበለውም። ልጁ መስመሩን አሥር ጊዜ ቢያነበው ስህተቱን አያየውም፤ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያንን ምልክት እንደገና ይተይበው።

ሁለተኛው ደስ የሚል ነው። ፓይተን 3 ላይ የተለዋዋጮችን፣ ማለትም እንደ ነጥብ ያለ ዋጋ የሚያዝባቸውን ቦታዎች፣ ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል፤ ነጥብ ብሎ ሰይሞ በነጥብ መጥራት ይሠራል። ሆኖም ሰዓት ብሎ ፈጥሮ ከታች ሠዓት ብሎ ቢጽፈው ፓይተን እንዲህ ያለ ስም አላውቅም ይለዋል። ለኛ በድምፅ አንድ የሆኑት ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ክፍሉ በጋራ የሚጠቀምባቸውን ስሞች አጻጻፋቸውን አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ ጽፎ መስማማት ብዙ ፍለጋ ያድናል።